2,147,483,647፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ባለ አስር አሃዝ ቁጥር በብዛት የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ። ዓ.ም ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል? ከየትስ መጣ?

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። በአንድ ትንፋሽ ከጨረሳችሁት ጎበዝ ናችሁ።

አመጣጡ ከአነባበቡ ይቀላል። ከ2 ተነሱና በእጥፍ እያሳደጋችሁ ሂዱ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያላችሁ። ሠላሳ አንደኛው ቁጥር 2,147,483,648 ነው። ከእሱ ላይ አንድ ቀንሱ፤ አለቀ። በአጭሩ 2³¹ − 1 ተብሎ ይጻፋል።

በግዕዝ ቁጥር ይጻፋል?

ይጻፋል፤ ያውም ሳያስቸግር፦ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯። ዘዴው አሃዞቹን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አድርጎ መቁረጥ ነው፦ 21፣ 47፣ 48፣ 36፣ 47። ከዚያ በየመሃላቸው ከቀኝ ወደ ግራ ፻ እና ፼ን እያፈራረቁ ማስገባት። ሲሰላ 214,748 እልፍ ከ3,647 ይሆናል።

በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም። ይህ ቁጥርም እንዳጋጣሚ አንድም ዜሮ የለበትም። ስለዚህ ጥንዶቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው፤ የሚዘለል ቦታ የለም።

የደንበኞቼ ስልክ ቁጥር ሁሉ 2147483647 ሆኖብኛል። ተጠልፌ ነው?

አይደለም። ይህ በራሴም ላይ ደርሷል። ለአንድ ሱቅ የደንበኞች መዝገብ ስሠራ የስልኩን ቦታ «ሙሉ ቁጥር» ብዬ ሞላሁት። መጀመሪያ ላይ ሰላም ነበር። 09 ብሎ የሚጀምር ስልክ ሲገባ ፊቱ ያለችው ዜሮ ትጠፋለች እንጂ ሌላው ይቀመጣል። በኋላ አንዱ ሠራተኛ ስልኮቹን በ251 ጀምሮ ማስገባት ጀመረ። በሳምንቱ ስከፍተው ከመቶ በላይ ሰው አንድ ስልክ ቁጥር ይዞ ቁጭ ብሏል።

የሆነው ይኼ ነው። በ251 የሚጀምር ስልክ አስራ ሁለት አሃዝ አለው። እንደ ቁጥር ካየነው ከ251 ቢሊዮን ይበልጣል። የመረጃ ቋቱ ግን ለዚያ ቦታ የመደበው 32 ቢት (0 ወይም 1 የሚቀመጥባቸው 32 ቦታዎች) ብቻ ነበር፤ በ32 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። የተጠቀምኩበት የመረጃ ቋት ፕሮግራም ማይኤስኪውኤል ጥብቅ ያልሆነ አሠራር ላይ ከተተወ ስህተት አለ ብሎ አይጮህም። ከጣሪያው በላይ የመጣውን ሁሉ ጣሪያው ላይ ይለጥፈዋል። መፍትሔው ስልክን እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። ስልክ የማይደመርና የማይባዛ ነገር ነው፤ «ቁጥር» መባሉ ነው የሚያሳስተን። ቀድሞ የገባው ግን አይመለስም። እኔ ደብተር ይዤ ሰዎቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ነበረብኝ።

32 ቢት ከሆነ ለምን 2³¹ ሆነ? አንዱስ ለምን ተቀነሰ?

ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከሠላሳ ሁለቱ ቦታዎች የመጀመሪያው ለምልክት ይያዛል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ይናገራል። ለቁጥሩ የሚቀሩት 31 ናቸው። ሁሉም በ1 ሲሞሉ የሚገኘው የኛ ቁጥር ነው።

አንድ የሚቀነሰው በሦስት አሃዝ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 1000 ሳይሆን 999 በሆነበት ምክንያት ነው። ሠላሳ አንድ 1 ተደርድሮ ላይ አንድ ብትጨምሩ ሠላሳ ሁለተኛ ቦታ ይፈልጋል።

እሺ፣ አንድ ቢጨመርበትስ?

በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ወደ −2,147,483,648 ይገለበጣል። የባንክ ሂሳባችሁ በዚህ ዓይነት ቆጣሪ ቢያዝና ጣሪያው ላይ ብትደርሱ፣ አንዲት ሳንቲም ስትገባ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ዕዳ ውስጥ ትገባላችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሀብታም ስላልሆንን አንሰጋም።

ቀልዱን ትተን፣ በእውን የሆኑ ነገሮች አሉ። በ2014 መጨረሻ ላይ የኮሪያው «ጋንግናም ስታይል» በዩቲዩብ ከዚህ ቁጥር በላይ ታየ። ኩባንያው ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት እንዳሳደገው አስታወቀ። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለ ቦይንግ 787 ትእዛዝ አወጣ። ይህ የኛው አየር መንገድም የሚያበርረው ድሪምላይነር ነው። ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ 248 ቀን በተከታታይ ከቆየ የጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ቆጣሪ ሞልቶ የአውሮፕላኑ ኃይል ሊቋረጥ ይችላል ይላል። እስኪ አስሉት፦ በየመቶኛ ሰከንዱ አንድ የሚል ቆጣሪ 2,147,483,647 ላይ የሚደርሰው በ248 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ጊዜያዊ መፍትሔው ደግሞ ማጥፋትና ማብራት ነበር፤ ቤት ውስጥ ለራውተር እንደምናደርገው።

የ2038 ችግር የሚባለውስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ያው ራሱ ነው። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚይዙት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ቆጣሪው 32 ቢት ከሆነ በጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይሞላል።

በኛ አቆጣጠር ይህ ቀን ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም ነው። አዎ፣ ጥምቀት። ማክሰኞ ይውላል። በአዲስ አበባ ሰዓት ሲሰላ ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ ጃንሜዳ አድረው ሕዝቡ ጸበሉ እስኪረጭ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ያልታደሰ መሣሪያ በሚቀጥለው ሰከንድ ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም ይለዋል። አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ወዳሉበት ዘመን መመለሱ ነው። አሁን የሚሸጡት ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአብዛኛው 64 ቢት ስለሆኑ አይነካቸውም። የሚያሳስቡት አንዴ ተገጥመው ለዓመታት ማንም የማይከፍታቸው ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው።

ብቸኛ ቁጥር ነው ይባላል። ማን አረጋገጠው?

ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የሌለው ነው። 2,147,483,647 እንዲህ ነው። ያረጋገጠው የስዊዘርላንዱ ተወላጅ የሂሳብ ሊቅ ሌኦናርድ ኦይለር ነው፤ በ1772 በጻፈው ደብዳቤ አሳወቀ። ኦይለር ያኔ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር፤ ዓይኑም ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ኮምፒውተር ሊፈጠር ገና ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ይቀራል።

ከእሱ በፊት ጣሊያናዊው ካታልዲ በ1588 ገደማ ይኼው ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ነበር። አብረውት የጠራቸው 2²³ − 1፣ 2²⁹ − 1 እና 2³⁷ − 1 ግን ሁሉም ስህተት ሆነው ተገኙ። ከአራቱ አንዱን ማግኘት ለኔ ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይመስለኝም።

ያለ ኮምፒውተር እንዴት ሊያረጋግጥ ቻለ?

እኔ በጣም የምወደው ጥያቄ ይኼ ነው። ጅል በሆነው መንገድ እንጀምር። አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ቢያንስ አንዱ አካፋዩ ከዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ከሚሰጠው) አይበልጥም። የኛ ቁጥር ዳግም ዘር 46,341 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ከዚያ በታች 4,800 ገደማ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። በእያንዳንዱ ማካፈል ዕድሜ ይፈጃል።

ኦይለር አብዛኞቹን ሳይነካ አባረራቸው። አሠራሩን በትንሹ ወንድም ላይ እንየው፦ 2¹¹ − 1 ማለት 2047 ነው፤ እሱም 23 × 89 ነው። 23ን ለ22 አካፍሉ፣ 1 ይቀራል። 89ን ለ22 አካፍሉ፣ አሁንም 1 ይቀራል። 22 የ11 እጥፍ ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ የ2¹¹ − 1 ብቸኛ አካፋይ ሁሉ እንዲህ መሆን ግድ አለበት። በተጨማሪ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ብቻ ነው የሚተርፈው። 23 ላይ 7፣ 89 ላይ 1።

ወደ ትልቁ ስንመለስ፣ የ2³¹ − 1 አካፋይ ካለ ለ62 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። ሁለቱ ሲጣመሩ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው ብቻ ይቀራል ማለት ነው። (ይህ 248 ከቦይንጉ 248 ቀን ጋር ዝምድና የለውም። እኔም መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር።) ከ63 በላይ እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያሉት ከ372 አይበልጡም። ከእነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ፤ 249 ለምሳሌ የ3 ብዜት ነው። መሞከር ያለበት የመጀመሪያው 311 ነው። 311 × 6,905,092 = 2,147,483,612፤ 35 ይተርፋል። 311 ወደቀ። በወረቀት ስሠራው አራት ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። 372ቱንም ብሞክር ሃያ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ከባድ ነው፤ ግን ሰው የሚሠራው ሥራ ነው።

«የሜርሴን ቁጥር» ማለት ምን ማለት ነው?

ከ2 ርቢ (2 በራሱ ተደጋግሞ ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር) ላይ አንድ ተቀንሶ የሚገኝ ቁጥር ነው። ስሙ የፈረንሳዩ መነኩሴ የማሪን ሜርሴን ነው። እሱ በ1644 ብቸኛ የሚሆኑት አርቢው (ስንት 2 እንደተባዛ የሚናገረው ትንሹ ቁጥር፤ በ2³¹ ላይ 31) 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ሲሆን ነው ብሎ ዘረዘረ። 67ና 257 ላይ ተሳሳተ፤ 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ ዘለላቸው። 31 ግን ትክክል ነበር። የኛ ቁጥር ስምንተኛው የሜርሴን ብቸኛ ቁጥር ነው።

ብዙ ሰው «31 ብቸኛ ስለሆነ 2³¹ − 1ም ብቸኛ ነው» ይላል። አይሠራም። 11 ብቸኛ ነው፤ 2047 ግን እንዳየነው አይደለም። እውነቱ በተቃራኒው በኩል ነው። አርቢው ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ ፈጽሞ ብቸኛ አይሆንም። ብቸኛ ከሆነ ደግሞ ገና መመርመር አለበት። ዘጠነኛው 2⁶¹ − 1 ነው። በ1883 ያረጋገጠው ፔርቩሺን የሚባል ሩሲያዊ የገጠር ቄስ ነው፤ ከቅዳሴው ተርፎ እንዲህ ያለ ሂሳብ የሚሠራ። በ2024 ደግሞ 52ኛው ተገኘ፤ አርቢው 136,279,841 ነው። ተዘርግቶ ቢጻፍ ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው።

ፍጹም ቁጥር ነው ወይስ አይደለም?

እሱ ራሱ አይደለም። ግን አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል። ፍጹም የሚባለው ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው፤ 6 = 1 + 2 + 3 እንደሚሆነው። የጥንቱ ግሪካዊ የሂሳብ ሊቅ ኤውክሊድ እንዳሳየው የሜርሴን ብቸኛ ቁጥርን አርቢው በአንድ በቀነሰ የ2 ርቢ ስናባዛው ፍጹም ቁጥር ይወጣል። ለኛ 2³⁰ × 2,147,483,647 = 2,305,843,008,139,952,128።

እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ይህንን ቁጥር አንስቶ፣ ለወሬ እንጂ ለጥቅም ስለማይሆን ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር የሚፈልግ ሰው አይኖርም ብሎ ጽፎ ነበር። ለወሬ ብቻ የሚደክም ሰው ምን ያህል እንደሆነ አልገመተም።

ሌላ የሚመደብበት ምድብ አለ?

መንታ ብቸኛ (በ2 ብቻ የሚለየው ሌላ ብቸኛ ቁጥር ያለው) አይደለም። ሁለት ሲቀነስ መጨረሻው 5 ነው፤ ሁለት ሲጨመር የ3 ብዜት ይሆናል። የሶፊ ዠርማን ብቸኛም (እጥፉ ላይ አንድ ሲጨመር ሌላ ብቸኛ የሚሰጥ) አይደለም፤ እጥፉ ላይ አንድ ሲጨመር 4,294,967,295 ይሆናል፣ ያ ደግሞ በ5 ይካፈላል። በሁለትዮሽ (በ0ና በ1 ብቻ) ሲጻፍ ግን ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት ይነበባል፤ ሠላሳ አንድ 1 ብቻ ነውና።

ብቸኛ መሆኑ ለምን ይጠቅማል? ለምስጢር ቁልፍ ይሆናል?

ለቁልፍ አይሆንም። በጣም ትንሽ ነው፤ የኢንተርኔት ደህንነት የሚሠራባቸው ብቸኛ ቁጥሮች በአስሮችና በመቶዎች የሚቆጠሩ አሃዞች አሏቸው።

የሚጠቅመው የዕጣ ቁጥር ለማውጣት ነው። ፓርክና ሚለር በ1988 ያስተዋወቁት ዘዴ እንዲህ ይሄዳል። ከ1 ተነሱ። በ16,807 አባዙ፣ ለ2,147,483,647 አካፍሉና ቀሪውን ያዙ። ቀጥሎም ቀሪውን እንደገና በ16,807 አባዙ። መጀመሪያ 16,807፣ ከዚያ 282,475,249፣ ከዚያ 1,622,650,073 እያለ ይዘላል። አካፋዩ ብቸኛ ስለሆነና 16,807 በጥንቃቄ ስለተመረጠ፣ 2,147,483,646ቱንም ቁጥሮች ሳይደግም ጎብኝቶ ነው ወደ 1 የሚመለሰው። ለጨዋታ ይበቃል፤ ለሎተሪ አልመክርም።

የኮምፒውተር ጣሪያም ብቸኛም መሆኑ አጋጣሚ ነው?

ግማሽ በግማሽ። ኮምፒውተሩ ብቸኛ መሆኑን አይፈልገውም። ሌሎቹን ጣሪያዎች እዩአቸው። 8 ቢት፦ 127፣ ብቸኛ ነው። 16 ቢት፦ 32,767፣ እሱ 7 × 31 × 151 ነው። 64 ቢት፦ 9,223,372,036,854,775,807፣ በ7 ይካፈላል። 128 ቢት ቢሆን ደግሞ 2¹²⁷ − 1፣ ብቸኛ ነው፤ በ1876 ሉካ አረጋግጦታል።

ግን ከኋላ አንድ ነገር አለ። የቢቱ ብዛት በአብዛኛው የ2 ርቢ ነው፦ 8፣ 16፣ 32፣ 64። አንዱ ለምልክት ሲሄድ የሚቀረው 7፣ 15፣ 31፣ 63 ነው። እነዚህ ራሳቸው የሜርሴን ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ ጣሪያዎቹ የሜርሴን ሜርሴን ሆኑ። አርቢው ራሱ የሜርሴን ብቸኛ ሲሆን ቁጥሩ ድርብ ሜርሴን ይባላል። ድርብ ሆነው ብቸኛ መሆናቸው የታወቀው አራት ብቻ ናቸው፦ 7፣ 127፣ 2,147,483,647 እና 2¹²⁷ − 1። 15ና 63 ብቸኛ ስላልሆኑ የ16ና የ64 ቢት ጣሪያዎች ከመጀመሪያው ዕድል አልነበራቸውም። 31 ዕድሉ ነበረው። ዕድሉን መጠቀሙ ነው አጋጣሚው።

እንግዲያው 2ን በ2,147,483,647 አርብተን አንድ ብንቀንስ እሱም ብቸኛ ይሆናል?

ሰንሰለቱን ያየ ሁሉ የሚጠይቀው ይኼን ነው። ቁጥሩ ተዘርግቶ ቢጻፍ ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው፤ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ማስቀመጡ ራሱ ሥራ ነው። መልሱ ግን ይታወቃል፤ ብቸኛ አይደለም። 295,257,526,626,031 ያለ ቀሪ ያካፍለዋል።

ይህንን አካፋይ ያገኙት እንደ ኦይለር አጥር አጥረው ነው። ከፈለጋችሁ ካልኩሌተር አውጡና 295,257,526,626,031ን ለ2,147,483,647 አካፍሉ። 137,490 ይደርሳል፤ 1 ይተርፋል።